ከሠራዊት ወጥቶ ሥራ መያዝ፦ ጎጃም ላሉ ተሰናባቾችና ሥራ ፈላጊዎች ዝርዝር መመሪያ

ከሠራዊት የወጣ ሰው ቡሬ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ ሲጠይቅ ለቀጣሪው ቶሎ የሚታየው ጥበቃ ነው። ጥበቃ የተከበረ እንጀራ ነው። ግን ስምንት ዓመት መጋዘን የያዘ፣ ከባድ መኪና የነዳ ወይም ቁስለኛ ያከመ ሰው ለምን ለጥበቃ ብቻ ይታጫል? ያን ሁሉ ዓመት የሠራው ሥራ «በመከላከያ ሠራዊት አገልግያለሁ» በሚል አንድ መስመር ታጥፎ ስለሚቀርብ ነው። ቀጣሪ ያላየውን አይቀጥርም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያተኩረው የሠራችሁትን በሥራ ስሙ መጥራትና ለእያንዳንዱ ወረቀት ማቅረብ ላይ ነው። ወታደር ሆናችሁ የማታውቁ፣ ወፍጮ ቤት ወይም እርሻ ላይ ሠርታችሁ «የሥራ ልምድ የለኝም» የምትሉም አብዛኛው ይመለከታችኋል።

1. ወረቀቱን ከክፍል ሳትወጡ ጨርሱ

ገና በጦር ክፍላችሁ ውስጥ ከሆናችሁ ጊዜው አሁን ነው። አንዴ ቤት ከተገባ በኋላ ለአንዲት ማህተም ተመልሶ መሄድ ከባድ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ «ነገ ና» ሲባል ደግሞ ትራንስፖርቱ ላይ መኝታና ምግብ ይጨመራል።

የስንብት ደብዳቤና የሥራ ልምድ ማስረጃ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። የመጀመሪያው መውጣታችሁን ይናገራል፣ ሁለተኛው የሠራችሁትን። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይመጣና ቅጥር ላይ «ልምድህ አይታወቅም» ይባላል። የልምድ ማስረጃው ሲሰጣችሁ ከጠረጴዛው ሳትርቁ እነዚህን ተመልከቱ፦

- ስም እስከ አያት፣ ፋይዳ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ፤
- ማዕረግ ብቻ ሳይሆን የሥራ መደብ (ሹፌር፣ ንብረት ክፍል፣ መካኒክ፣ የሕክምና ረዳት)፤
- ከመቼ እስከ መቼ፣ ቀንና ወር ከነዓመተ ምሕረቱ፤
- የመጨረሻ ደመወዝና የለቀቃችሁበት ምክንያት፤
- የደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም፣ ፊርማና የፈራሚው ስም።

የሥራ መደቡ ካልተጻፈ በትሕትና ግን ሳትሰለቹ እንዲጨመር ጠይቁ። ከዚህ ወረቀት ሁሉ በኋላ ላይ ለማግኘት የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ማዕረግ ብቻ የተጻፈበት ደብዳቤ ለሲቪል ቀጣሪ ምን ትሠሩ እንደነበር አይነግረውም። በየጊዜው የወሰዳችኋቸው ሥልጠናዎች (የመጀመሪያ ርዳታ፣ የመገናኛ ሬዲዮ፣ የጄኔሬተር ጥገና፣ ምግብ ዝግጅት) የምስክር ወረቀት ካላቸው አንድ በአንድ ሰብስቡ።

ስም ላይ የሚፈጠር ስህተት ቀላል ይመስላል፣ ሰው ግን ያስቀራል። ትምህርት ማስረጃው ላይ «ኃይለ ማርያም»፣ ልምዱ ላይ «ሃይለማሪያም»፣ ፋይዳው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሌላ አጻጻፍ ካለ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ የአንድ ሰው መሆኑን አረጋግጡ ሊላችሁ ይችላል። ይህ ደግሞ ማመልከቻ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ቀደም ብላችሁ አስተካክሉት። ቀኖቹም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ማስረጃ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያሳብድ ልዩነት ያመጣል። የፈረንጁ ላይ «እ.ኤ.አ.» መጻፉን አረጋግጡ።

ከግል ድርጅት የሚመጣ የልምድ ማስረጃ ሌላ ጣጣ አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ «የሥራ ግብር የተከፈለበት» የሚል ሐረግ ይጨምራሉ። ስለዚህ ከግል ድርጅት ስትለቁ ግብሩ ስለመከፈሉ አብሮ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንም ያዙ። አዲሱ ቀጣሪ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ቆርጦ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ያደርጋል፤ ይህ በቀድሞው መለያ ቁጥራችሁ ላይ እንዲቀጥል በመጀመሪያው ቀን ስጡት። አሁን የጡረታ አበል እየወሰዳችሁ ከሆነ ደግሞ አዲስ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አበሉ ምን እንደሚሆን ጠይቁ።

2. አንድ ወር ሙሉ ምን ትሠሩ ነበር?

ደብተር አውጡ። ከአገልግሎታችሁ አንድ ተራ ወር ምረጡ፣ ውጊያ ያልነበረበትን። ከጠዋት እስከ ማታ የሠራችሁትን በየመስመሩ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱ መስመር አጠገብ ቁጥር አስቀምጡ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት መኪና፣ በስንት ጊዜ አንዴ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። የሲቪው ጉልበት ግን ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ቀጣሪ በዓይነ ሕሊናው ሥራ ላይ የሚያያችሁ በቁጥሩ ነውና።

ንብረት ክፍል የነበረ ሰው ምሳሌ እንውሰድ። «ስንቅና ትጥቅ ላይ ሠርቻለሁ» ብሎ ቢጽፍ ቀጣሪው ጥይት ይታየዋል። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦

«የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ከመስከረም 2008 እስከ ሰኔ 2014 ዓ.ም.። ለ120 ሰው የሚሆን ደረቅ ምግብ፣ አልባሳትና ቁሳቁስ በሞዴል 19 መረከብ፣ በሞዴል 22 ማስረከብ፣ ቢን ካርድ በየዕለቱ መሙላት፣ በየ3 ወሩ ቆጠራ ማካሄድ።»

ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ)፣ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) እና ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚያዝበት ካርድ) የሚሉት ቃላት ግን በየትኛውም መጋዘን ይታወቃሉ። የገበሬዎች ዩኒየን (የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት) መጋዘን ውስጥ ያለ ኃላፊ እነሱን ሲያነብ «ይሄ ሰው ሥራዬን ያውቃል» ይላል።

የጓድ ወይም የመቶ መሪ የነበረ ደግሞ «መሪ ነበርኩ» ብሎ አይቁም። ተረኛ መመደብ፣ የፈቃድና የሕመም መዝገብ መያዝ፣ አዲስ ሰው ማሠልጠን፣ ጠብ ሲነሳ መሸምገል፣ ሪፖርት በሰዓቱ መላክ ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ የሚሠራቸው ሥራዎች ናቸው። ሹፌር የመኪናውን ዓይነትና የጭነቱን መጠን ይጻፍ። መካኒክ የፈታውንና የገጠመውን ይዘርዝር። የሕክምና ባለሙያ የቁስል አያያዝና የመድኃኒት መዝገብ ያስቀድም። ምግብ ቤት የነበረ በአንድ ጊዜ ለስንት ሰው እንዳበሰለ ይጻፍ፤ ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ሆቴልና ድግስ አዘጋጅ ስላለ ያ ቁጥር ዋጋ አለው።

የክፍሉን ስም፣ የሰፈረበትን ቦታ፣ የመሣሪያ ዓይነትና ብዛት አትጻፉ። ለሥራው አያስፈልግም፣ ለእናንተም አይበጅም።

3. ሲቪው

አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት። ከላይ ስም፣ ስልክ፣ የምትኖሩበት ከተማ፤ ቀጥሎ በሦስት መስመር ማን እንደሆናችሁና ምን ሥራ እንደምትፈልጉ፤ ከዚያ የሥራ ልምድ ከቅርቡ ወደ ሩቁ፤ ትምህርትና ሥልጠና፤ ቋንቋ፤ መንጃ ፈቃድ ካለ ደረጃው። የእናት ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ ሃይማኖት ቦታ ይወስዳሉ እንጂ አይጠቅሙም። አዊ ዞን ውስጥ ለምታመለክቱ አገውኛ መቻላችሁን መጻፍ ግን ይጠቅማል። ጉርድ ፎቶ በሸሚዝ ተነሡ፣ በወታደር ልብስ የተነሣችሁት ለቤት ይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች አሁንም በቀድሞው ፓወር ግዕዝ ፊደል ይጽፋሉ። ያ ፋይል በቴሌግራም ተልኮ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይበተናል፣ ቀጣሪውም ምንም ሳያነብ ያልፈዋል። «በዩኒኮድ ጻፉልኝ፣ በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስጡኝ» በሉ። ከዚያ እዚያው ሳትነሡ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱና ሁሉም ፊደል በትክክል መነበቡን እዩ። ፒዲኤፉን፣ የማስረጃዎቹንም ጥርት ያለ ፎቶ ለራሳችሁ ቴሌግራም ላኩ። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ወይም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ሲመጣ ስልኩ ላይም ወርዶ ይቀመጥ። ሁለት ሦስት የተሟላ የኮፒ ስብስብ ደግሞ ሁሌም ቤት ይኑር። ዋናውን ማስረጃ ለማመሳከር አሳዩ እንጂ የትም ቦታ ትታችሁ አትምጡ።

4. ብቃትን በምዘና ማረጋገጥ

ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ኮሌጅ ሳይገባም የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን፣ ሊፈተን ይችላል። ይህ ዕድል ለመካኒክ፣ ለኤሌክትሪሺያን፣ ለግንበኛ፣ ለምግብ ዝግጅትና ለንብረት አያያዝ ሰው ከምንም በላይ የሚረዳ ነው ብለን እናምናለን፤ በሠራዊት ውስጥ የተገኘውን ችሎታ ሲቪሉ ዓለም በሚያውቀው ደረጃ ያስቀምጠዋልና። በአቅራቢያ ያለ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወይም የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለሙያችሁ ምዘና መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ምዘናው ጽሑፍና ተግባር አለው። ተግባሩን የሚያልፉ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚወድቁት ጽሑፉ ላይ ነው፤ መሣሪያውን በእጃቸው ያውቁታል፣ ጥያቄው ግን ስሙን በመጽሐፍ ቃል ይጠይቃል። የደረጃውን መማሪያ ጽሑፍ ከኮሌጁ ተማሪዎች ተውሳችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አጥኑ። «ገና ብቁ አይደለም» ቢባል መጨረሻ አይደለም፣ የቀረባችሁን ክፍል አጥንታችሁ እንደገና ትመዘገባላችሁ።

በሠራዊት የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ወደ ሲቪል ስለሚቀየርበት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ። ያለዚያ ጭነት ድርጅት በር ላይ ትመለሳላችሁ።

5. ሥራው የት አለ?

በወረዳችሁ ወይም በከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ ፈላጊነት መመዝገብ የመጀመሪያው ነው። ምዝገባው በራሱ ሥራ አይሰጥም፤ ግን የፋብሪካ ቅጥር፣ ሥልጠናና መደራጀት ሲመጣ ዝርዝሩ ከዚያ ይወጣል። ስልክ ከቀየራችሁ መዝገቡ ላይም አስቀይሩ፤ ተፈልገው በድሮ ስልክ የታጡ ብዙ ናቸው።

ከዚያ በእግር መሄድ ይመጣል። ቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቡሬና የደብረ ማርቆስ ዘይት ፋብሪካዎች፣ የደጀን ሲሚንቶ፣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅና ሆቴሎች፣ ጃዊ ያለው የስኳር ፋብሪካ፣ አየሁና ብር እርሻ ሁሉም የሰው ኃይል ክፍል አላቸው። ከሁሉ የተረሱት ግን የገበሬዎች ዩኒየኖች ናቸው፦ ባሕር ዳር መርከብ፣ ፍኖተ ሰላም ዳሞት፣ ደብረ ማርቆስ ጎዛምን። ማዳበሪያ የሚሠራጭበት ከክረምቱ በፊት ያለው ወቅትና ከምርት በኋላ እህል የሚገዛበት ወቅት መዛኝ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ሹፌር፣ ጫኝ አስጫኝ ይፈልጋሉ። የወቅት ሥራ ነው ብላችሁ አትናቁት። በሁለት ወር ውስጥ አንድም ኩንታል ያላጎደለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ስሙ ይጠራል፣ ቋሚ መደብ ሲከፈትም በስም ይታወቃል።

በጋዜጣ የሚወጣውን ደግሞ ተከታተሉ። በኩር በየሳምንቱ፣ ሪፖርተር ረቡዕና እሁድ፣ አዲስ ዘመን በየቀኑ። ማስታወቂያው «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ካለ የሚቆጠረው ጋዜጣው ከታተመበት ነው። ጋዜጣው ሞጣ ወይም ቢቸና ሲደርስ ቀናት አልፈው ይሆናል፤ በቴሌግራም የምትከታተሉትም ብትሆኑ ዋናውን ማስታወቂያ ፈልጉና ቀኑን እዩ። «አግባብ ያለው» የሚል ልምድ ከተጠየቀ የልምድ ማስረጃችሁ ላይ ያለው መደብ ከሥራው ጋር መገናኘት አለበት። በክፍል 1 መደቡ ይጻፍ ያልነው ለዚህ ነው።

እድር፣ ሰንበቴ፣ ማኅበር ላይ ሥራ እየፈለጋችሁ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ከሠራዊት ተመልሶ ሥራ መፈለግ አንገት የሚያስደፋ ነገር አይደለም፤ ደብቆ ማለፍ ግን በር ይዘጋል። «ማንኛውም ሥራ» ከማለት «መጋዘን ወይም ሹፌርነት» ማለት ይሻላል፤ ሰው የሚያስታውሳችሁ በዚያ ነው።

ለመመዝገቢያ፣ ለፎርም፣ «ለአለቃው» ተብሎ ብር የሚጠየቅበት ሥራ የማጭበርበር ምልክት ነው። አትክፈሉ። ከስንብት የተከፈላችሁ ገንዘብ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ባጃጅ ለመግዛት አትጣደፉ፤ የቤታችሁን የስድስት ወር ወጪ ባንክ አስቀምጡና በቀረው አስቡ።

6. ቃለ መጠይቅ

«እስኪ ስለ ራስህ ንገረን?» ለሚለው የምትሰጡት መልስ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥ። ግንባሩን መተረክ አያስፈልግም። የመጋዘን አመልካች እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «ስድስት ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። በሞዴል 19 እረከባለሁ፣ በሞዴል 22 አስረክባለሁ። ቢን ካርዱ ከቆጠራው ጋር ሳይገጥም አላድርም። እናንተ ጋ ያለው ማዳበሪያና እህል ስለሆነ የእርጥበት ጥንቃቄውን ቶሎ እለምደዋለሁ።»

ጥያቄ ሊከተል ይችላል፦ «ማዳበሪያ እንዴት ትደረድራለህ?» ከወለል ከፍ ባለ ፓሌት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ አየር እንዲገባና ለቆጠራ እንዲመች፣ ዩሪያውን ከሌላው ለይቶ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ። ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ ወለል ላይ ከተቀመጠ ይጋገራል። «ንብረት ቢጎድልብህስ?» ሲባል መልሱ ሰነዱን ከቢን ካርዱ ጋር ማመሳከርና በዚያው ቀን ለኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፤ በዝምታ ከኪስ መሙላት አይደለም።

«ከአንተ በዕድሜ የምታንስ ሴት አለቃ ብትሆንብህ?» የሚለውን ለተሰናባቾች ብዙ ጊዜ ያነሡታል። ከእናንተ የሚያንስ መቶ አለቃ አዟችሁ ያውቅ ከሆነ እሱን ጥቀሱ፤ መታዘዝ ለሥራው ኃላፊነት እንጂ ለዕድሜ ወይም ለጾታ እንዳልሆነ ተናገሩ። «ለምን ወጣህ?» ሲባል የስንብት ደብዳቤው ላይ ያለውን በአጭሩ ተናገሩ፣ ሌላ ታሪክ አትጨምሩ። ሲጠሯችሁ ተነሥቶ መቆም፣ «አዎ ጌታዬ» ማለት ከልማድ ቢመጣ አያሳፍርም፤ ግን ወንበር ሲሰጣችሁ ተቀመጡ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ።

አካላዊ ጉዳት ያለባችሁ የምትችሉትን አስቀድሙ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳት ምክንያት ቅጥር መከልከልን ይከለክላል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችም ግዴታ ይጥላል። «ሁለት ሰዓት ቆሜ መሥራት ያስቸግረኛል፣ ተቀምጬ ሙሉ ቀን እሠራለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ከመደበቅ ይሻላል።

7. ተያዥ

ለጥበቃ፣ ለሹፌር፣ ለገንዘብና ለመጋዘን ሥራ ተያዥ ይጠየቃል። ተያዡ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ያመጣል። ዘመድ ጋ ሄዶ «አያ፣ እባክህ ተያዥ ሁነኝ» ማለት ብዙዎቻችንን ያስጨንቃል። የሚያቀለው እውነቱን ሳይደብቁ መናገር ነው፤ ለምን ሥራ፣ እስከ ስንት ብር፣ ለምን ያህል ጊዜ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን (አንቀጽ 1725)፣ ከፍተኛው መጠንም እንዲጠቀስ (አንቀጽ 1922) ይላል። መጠኑ ባዶ በሆነ ቅጽ ላይ ዘመዳችሁን አታስፈርሙ። ቅጥሩ ከመድረሱ በፊት አንድ ሁለት ሰው አነጋግራችሁ ጠብቁ፤ በተያዥ እጦት ቦታው ለተጠባባቂ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

8. ደመወዝና ውል

«ስንት ትፈልጋለህ?» ሲባል መጀመሪያ ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ ብላችሁ ጠይቁ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የደመወዝ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። 6,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ላይ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ (300 ብር)፣ ከ4,000 እስከ 6,000 ያለው 20 በመቶ (400 ብር) ይቆረጣል። ጡረታ 7 በመቶ 420 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 4,880 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ቀንሱና ቤተሰብ ትታችሁ ከተማ መግባቱ ያዋጣ እንደሆነ አስሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ያደርገዋል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ወደ አሥር ሳምንት ነው። ሙከራው በጽሑፍ መሆን አለበት። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓቱ ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ጥበቃ የምትገቡ 24 ሰዓት ገብቶ 24 ሰዓት ማረፍ የሚል ዝግጅት ካለ ይህን ስሌት ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ቅጂውን ሳትይዙ አትውጡ።

9. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሰዓት ማክበር ከሠራዊት ይዛችሁት የመጣችሁት ሀብት ነው፣ አትልቀቁት። የሚያስቸግረው ትእዛዙ ግልጽ አለመሆኑ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አለቃ «እስኪ ያን ነገር እየው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ «እስከ መቼ ይለቅ? ማንን ላሳውቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። የበታቾቻችሁ ሲዘገዩ ድምፅ ከፍ ማድረግ ጠብ ይወልዳል፤ ለብቻ ጠርቶ መናገር ይሠራል።

እንቅልፍ የሚነሣችሁ፣ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነብራችሁ ካላችሁ የሌሊት ፈረቃ ያባብሰዋል። ቀን ፈረቃ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ እንደ ፈለገ ሕይወት ባሉ ሆስፒታሎች ያለውን የአእምሮ ሕክምና ክፍልም ሳትዘገዩ እዩ። ይህ ሕመም ይታከማል፤ ታክመው ሥራቸውን የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ማስታወሻ ያዙ። ክፍያ ቢጎድል መጀመሪያ ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ካልተፈታ በወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያለውን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አነጋግሩ። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር፣ ያለአግባብ ተባርሮ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ሽምግልናው እየተካሄደም ቢሆን ቀኑን ከማስታወሻው ላይ እየቆጠራችሁ ክሱን በጊዜው አስገቡ።